የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብትን መጣል
ሁለተኛውን ዙር ጫጩት ከፊተኛው መቀላቀል ስንት ያስከፍላል?

በዓል ሲቃረብ የዶሮ ገበያ እንደሚደራ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የእንቁላል ዋጋ እንደሚቀዘቅዝ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በግቢው ዶሮ የሚያረባ ሰው ይህን ውጣ ውረድ ለመቋቋም የሚመርጠው አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ጫጩቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዙር ይገዛል። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ አይወጣበትም፤ አንዱ ዙር እንቁላል መጣል ሲቀንስ ሌላው ይደርስለታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው ዙር በደረሰበት ቀን ነው።

ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ያጋጠማቸውን እንመልከት። ከዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ 100 የአንድ ቀን ጫጩት ገዙ። በከሰልና በአምፖል እያሞቁ፣ ክትባቱንም በወቅቱ እያስከተቡ 2 ወር አደረሷቸው። የሞቱባቸው 6 ብቻ ነበሩ። በዚህ ተደፋፍረው 100 የሦስት ሳምንት ጫጩት ጨመሩ። ቤቱ ሰፊ ስለሆነ ለብቻ ማኖር አላስፈለጋቸውም፤ አዲሶቹን ከነካርቶናቸው አስገብተው እዚያው ለቀቋቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልልቆቹ መመገቢያውን ተቆጣጠሩት፤ ትንንሾቹ ጥግ ይዘው ተደራረቡ። በሁለተኛው ሳምንት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ታየ። ወሩ ሲሞላ ከ100ዎቹ የቀሩት 41 ነበሩ። ከትልልቆቹ ግን አንድም አልታመመም። ስለዚህ ወይዘሮዋ የታመመ ጫጩት ሸጠውልኛል ብለው ጥፋቱን ሻጩ ላይ ጣሉ። የዕቁቡ ክፍያ ግን እንደቀጠለ ነበር።

ሻጩ ነው ወይስ ቤቱ?

ትልልቆቹ አለመታመማቸው ሻጩን ጥፋተኛ የሚያደርግ ይመስላል። ነገሩ ሲጣራ ግን ጥርጣሬው ወደ ቤቱ ይዞራል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በሽታ ነው። መነሻው በአንጀት ውስጥ የሚራባ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ዘሩ ከኩስ ጋር ይወጣል። ጉዝጓዙ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሌላ ዶሮ ለማሳመም ይደርሳል። በጥቂት በጥቂቱ እየለመዱት ያደጉ ዶሮዎች ሰውነታቸው ይቋቋመዋል፤ ጤነኛ መስለው ዘሩን ይበትናሉ። ሳይለምደው በድንገት በብዛት የሚለቅመው ጫጩት ግን ይወድቃል። በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያለው ዕድሜ አደገኛ ነው። የወይዘሮዋ ጫጩቶች የተቀላቀሉት በዚሁ ዕድሜያቸው ነው።

ጉምቦሮ የተባለው በሽታም የሚበረታው በዚያው የዕድሜ ክልል ሲሆን፣ በሽታን የመከላከል አቅማቸውን ስለሚያዳክም ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። አደጋው ከትልቅ ወደ ትንሽ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ፈንግል የያዘው ጫጩት ምልክት ሳያሳይ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ ጤነኛ ሆኖ የገባው እንግዳ የፊተኛውን ዙር ሊጨርስ ይችላል።

የክትባት ነገር ሲነሳ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የዶሮ ክትባት የሚሸጠው አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም ለነገ አይቀመጥም። ስለሆነም 50 ጫጩት የጨመረ ሰው ለነዚህ ብሎ ብልቃጥ መክፈት ያሳሳዋል። ትልልቆቹ ተከትበዋልና ይበቃል ይላል። የትልልቆቹ ክትባት ግን ለትንንሾቹ መከላከያ አይሆንም። የተከተበ ዶሮ ራሱ ሳይታመም ተሕዋሱን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቆጡ የማን ነው?

በሽታው ባይኖር እንኳ ጠቡ አይቀርም። ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚጠቁር የታወቀ ተራ እንዳላቸው አሳይቷል። ተራው አንዴ ከታወቀ ጠቡ ይበርዳል። እንግዳ ሲገባ ግን እንደገና ይጀመራል። እኩያ ከእኩያ ጋር ከሆነ በጥቂት ቀናት ያልቃል። የሦስት ሳምንት ጫጩት ከሁለት ወር ዶሮ ጋር ሲገናኝ ግን ተራው የሚወጣው በደም ነው። አንዴ ከደማ ደግሞ ቀዩን ቀለም ያየ ሁሉ ይጠቁረዋል።

ከጠቡ በላይ የሚጎዳው ረሃቡ ነው። የተባረረ ጫጩት ሌሎቹ ጠግበው እስኪሄዱ ይጠብቃል፤ ውኃም እንደዚያው። አርቢው የሚያየው የሞላ መመገቢያ ስለሆነ ማን እንዳልበላ አያውቅም። ሙቀቱም ሌላ ጣጣ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህም በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ላባ ያወጣው ዶሮ በዚያ ሙቀት ይጨነቃል፤ ሙቀቱ ለትልቁ ከተቀነሰ ትንሹ ይበርደዋል። መኖውም አይገጥምም። የእንቁላል ጣይ መኖ ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚሆን ብዙ ካልሲየም ስላለው የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል።

የሒሳቡ ነገር

ዋጋ እንደየገበያው ይለያያል። ለስሌት እንዲመቸን ግን አንዱ ጫጩት 150 ብር ተገዛ፣ ለመኖና ለመድኃኒት ደግሞ ለ100ው 5,000 ብር ወጣ እንበል። ጠቅላላ ወጪው 20,000 ብር ነው። ሁሉም ቢተርፉ አንዱ 200 ብር ይወድቃል። 41 ሲቀሩ ግን አንዱ ወደ 488 ብር ይደርሳል። ገዢ ደግሞ ለበዓል ዶሮ ሲያገላብጥ ስንት ሞተብዎ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚከፍለው የገበያውን ዋጋ ነው።

የሞቱት 59 ጫጩቶች የግዢ ዋጋ ብቻ 8,850 ብር ነው። ሁለተኛ ዙር ለመግዛት ያሰበ ሰው ጫጩት ሻጩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት አናጺ ጠርቶ፣ በሽቦ መረብና በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ትንሽ ክፍል ማሠራት ስንት እንደሚፈጅ ይጠይቅ። ያኔ ዙሩን በርካሽ ያገኘው እየመሰለው ምን ያህል ሊከስር እንደነበር ያየዋል።

ትልልቅ እርባታዎች ይህን ጣጣ የሚሸሹት በአንድ ቤት አንድ ዕድሜ ብቻ በማኖር ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ይገባሉ፣ ሁሉም ይወጣሉ፤ ከዚያ ጉዝጓዙ ተጠርጎ፣ ቤቱ ታጥቦና ተረጭቶ ለሳምንታት ባዶውን ይቆያል። አንድ ቤት ብቻ ላለው አነስተኛ አርቢም ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። የፊተኛውን ሸጦ፣ ቤቱን አጽድቶ ሁለተኛውን ማስገባት።

መቀላቀል ግድ ከሆነስ?

ሁለተኛ ክፍል ያለው ሰው ሊቀላቅል ይችላል። ይሁንና መቸኮል የለበትም።

አንደኛ፣ ሲገዙ የክትባት ወረቀት ይጠይቁ። የትኛው ክትባት በስንተኛው ቀን እንደተሰጠ ያልተጻፈበት ተከትቧል የሚል ቃል አይበቃም።

ሁለተኛ፣ እንግዶቹን ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ክፍል ያቆዩ። በአንድ ቤት ውስጥ ሽቦ መጋረድ ጠብን እንጂ በሽታን አያግድም። መጥረጊያው፣ ባልዲውና ጫማው ለየብቻ ይሁን። ሁልጊዜ ከትንንሾቹ ጀምረው ወደ ትልልቆቹ ይሂዱ እንጂ በተቃራኒው አይሥሩ።

ሦስተኛ፣ ትንንሾቹ 12 ሳምንት ሳይሞላቸው፣ በቁመናም ለትልልቆቹ ሳይቀርቡ አይቀላቀሉ። በመጀመሪያ በሽቦ መረብ ተለያይተው ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት እየተያዩ ይቆዩ።

አራተኛ፣ በቀላቀሉበት ቀን ተጨማሪ መመገቢያና መጠጫ በተለያየ ጥግ ያስቀምጡ። ተባራሪው የሚሸሸግበት ሣጥን ወይም ጣውላ አይጥፋ። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከማስገባት በርከት አድርጎ ማስገባት ይሻላል፤ ጥቃቱ ይከፋፈላልና። ሲመሽ ቆጥ ላይ ማስፈር የመጀመሪያውን ግርግር ይቀንሰዋል፤ ነጋ ሲል ግን እዚያው ሆኖ ማየት ያስፈልጋል። የደማውን ወዲያው ማውጣት፣ ቁስሉን ጂቪ መቀባት ነው።

አምስተኛ፣ ትልልቆቹ እንቁላል ጀምረው ከሆነ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ሰጥቶ፣ ለጣዮቹ የተፈጨ ዛጎል ወይም የኖራ ድንጋይ በሌላ ዕቃ ማቅረብ ይቻላል።

የዕድሜ ልዩነቱ የጥቂት ቀናት ብቻ ከሆነና ሁሉም ገና በማሞቂያ ውስጥ ካሉ ይህን ያህል ጭንቀት የለም። በገጠር እናቶች ዘንድ የተለመደ አንድ ዘዴም አለ። የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጫጩት በጨለማ ገና በፈለፈለች ዶሮ ሥር ይሸጉጣሉ። ሲነጋ ከልጆቿ ጋር ይዛው ትወጣለች። ቀኑ ካለፈ ግን እናቲቱም የራሷን ለይታ እንግዳውን በመንቁሯ ታባርረዋለች። እዚህም ላይ ዋናው ነገር ጊዜው ነው።

የኮተቤዋ እናት የተረፉትን 41 በቆርቆሮ ከልለው አሳደጉ፤ ከትልልቆቹ ያገናኟቸውም በአራተኛ ወራቸው ነው። የፊተኞቹ እንቁላል መጣል ስለጀመሩ የዕቁቡን ክፍያ ሳያቋርጡ ቀጥለዋል። ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብ ሲያጠራቅሙም በደብተራቸው ከጫጩቱ ዋጋ በላይ አንድ መስመር ጨምረዋል። ያ መስመር የክፍል ማሠሪያ ነው። ያ ገንዘብ ካልሞላ ጫጩት አይገዙም።