የአንድ ወቅት ሂሳብ፦ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በሰሊጥ ነጋዴ ዓይን ሲታይ

በመተማ ዮሐንስና በአካባቢው ቆላ ዓመቱ የሚለካው በአንድ ወቅት ነው። በክረምት መግቢያ የተዘራው ሰሊጥ ከመስከረም ጀምሮ ይደርሳል፤ ተክሉ ደርቆ ፍሬው መሬት ላይ ከመርገፉ በፊት ካልታጨደ የዓመቱ ድካም ከንቱ ይቀራል። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የጉልበት ዋጋ ይንራል፣ ብድር ይፈላለጋል፣ ደላላ ይበዛል። ከዚያ በኋላ ያተረፈው አትርፎ፣ የከሰረው ከስሮ የሚቀጥለው ክረምት ይጠበቃል።

እንዲህ ያለውን የጥድፊያ ንግድ ለሚያውቅ ሰው ከውቅያኖስ ማዶ ያለ አንድ ሌላ የወቅት ገበያ ባዕድ አይሆንበትም። ይኸውም የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ውድድሩ በኖቬምበር መጀመሪያ ይከፈታል፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል። በእነዚህ አምስት ወራት የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሲሆን፣ ዕቃውን የሚያመርቱት ወጣቶች ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ደመወዝ አልነበራቸውም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለምንስ ተለወጠ? ከለውጡ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ የኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ማኅበር በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ይባላል። ማኅበሩ ለትርፍ የተቋቋመ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዓመታዊ ገቢው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚገኘው በየዓመቱ በማርች ከሚጀመረው የወንዶች ጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ውድድሩ በ1939 የተጀመረ ሲሆን ከ2011 ወዲህ 68 ቡድኖች ይሳተፉበታል። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተመልካቹን ከቴሌቪዥን ጋር የሚያስረውም ይኸው ርኅራኄ የሌለው ሕግ ነው።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ሲ.ቢ.ኤስ. እና ተርነር በ2010 ለ14 ዓመት 10.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋዋሉ። በ2016 ደግሞ ውሉን እስከ 2032 በማራዘም ለተጨማሪዎቹ ስምንት ዓመታት 8.8 ቢሊዮን ዶላር ጨመሩ። ይህም በአማካይ በዓመት 1.1 ቢሊዮን ዶላር መሆኑ ነው።

ገንዘቡ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሚወርድበት መንገድ ከኅብረት ሥራ ማኅበር የትርፍ ክፍፍል ጋር ይመሳሰላል። ኮሌጆቹ በቡድን በቡድን ሆነው «ኮንፈረንስ» የሚባል ማኅበር አላቸው። አንድ ቡድን ከዋንጫው ጨዋታ በስተቀር በጥሎ ማለፉ ለሚያደርገው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ኮንፈረንሱ አንድ ድርሻ ያገኛል። የአንዱ ድርሻ ዋጋ በስድስት ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ አምስት ጊዜ የተጫወተ ቡድን ለኮንፈረንሱ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገኘ ማለት ነው። በአንድ ነጥብ ማሸነፍና በአንድ ነጥብ መሸነፍ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የገዢዎች ስምምነት

ለብዙ አሥርት ዓመታት የማኅበሩ ደንብ ግልጽ ነበር። ተጫዋቹ የትምህርት ክፍያው፣ መኝታውና ምግቡ ይሸፈንለታል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አይነካም። ይህን ደንብ አስተዳዳሪዎቹ «አማተርነት» ይሉታል። የገበያ ሰው ግን ሌላ ስም አለው። ገዢዎች በገበያ ቀን ማለዳ ተገናኝተው «ከዚህ ዋጋ በላይ ማንም እንዳይገዛ» ቢባባሉ ምን ይባላል? የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህን የገዢዎች ካርቴል ይለዋል።

የካርቴል ጠባዩ ለሻጩ ያልተከፈለው ገንዘብ ጠፍቶ አለመቅረቱ ነው፤ ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል። በኮሌጆቹ ዘንድ አንደኛው ቀዳዳ በሚሊዮን የሚቆጠር የአሠልጣኝ ደመወዝ ሆነ። ሁለተኛው የስፖርት ሕንፃ ግንባታ ነበር። ሦስተኛው ከጠረጴዛ ሥር የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በሴፕቴምበር 2017 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ረዳት አሠልጣኞችንና ከትጥቅ አምራቹ አዲዳስ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን ጨምሮ አሥር ሰዎችን በጉቦና በማጭበርበር ጠርጥሮ መያዙ የዚህ ማስረጃ ነው። በይፋ ዋጋ የተነፈገው ዕቃ በስውር ገበያ ዋጋ ነበረው።

በአንጻሩ የኮሌጆቹም መከራከሪያ ባዶ አልነበረም። የአራት ዓመት የትምህርት ወጪ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከዚህም ሌላ ዋና፣ ሩጫ፣ ትግልና ሌሎች ገቢ የማያስገኙ ስፖርቶች የሚደጎሙት የአሜሪካ ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ በሚያመጡት ገንዘብ ነው።

አጥሩ ሲፈርስ

አጥሩን ያፈረሰው ፍርድ ቤት ነው። የካሊፎርኒያው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የቀድሞ ተጫዋች ኤድ ኦባነን መልኩን በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ካየ በኋላ በ2009 ማኅበሩን ከሰሰ፤ በ2014 ተፈረደለት። በጁን 21 ቀን 2021 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልስተን በተባለው ክስ ዘጠኝ ለዜሮ በሆነ ድምፅ ማኅበሩ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ላይ ጣሪያ ማበጀቱ የፀረ ካርቴል ሕግን ይጥሳል አለ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጁላይ 1፣ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ማስታወቂያ ሠርተው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መዘዋወር ቀለለ። ቀድሞ የተዘዋወረ ተጫዋች አንድ ዓመት ተቀምጦ መጠበቅ ነበረበት። በ2021 አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ፤ በ2024 የጊዜ ብዛት ገደቡ ተነሣ። ውጤቱን የቆላ ገበሬ ያውቀዋል። ለአጨዳ የመጣው ሠራተኛ ከጎረቤት እርሻ የተሻለ ክፍያ መኖሩን ከሰማ ማልዶ ይሄዳል።

የመጨረሻው ምዕራፍ በጁን 6 ቀን 2025 ተጻፈ። ሃውስ በተባለው ክስ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት የእርቅ ስምምነት ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ስፖርተኞች በአሥር ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። ለ2025–26 የተፈቀደው ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም ስፖርት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

በትልልቆቹ ኮሌጆች እንደ መነሻ የተለመደው ክፍፍል 75 በመቶ ለፉትቦል፣ 15 በመቶ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። በዚህ ሂሳብ ለቅርጫት ኳሱ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይደርሳል። ለ15 ተጫዋች እኩል ቢካፈል ለአንዱ 205 ሺህ ዶላር ይሆናል። እርግጥ እኩል አይካፈልም፤ ገበያ ባለበት አንደኛ ደረጃና አምስተኛ ደረጃ አንድ ዋጋ አያወጡም።

አንድ ቡድን፣ አንድ ወቅት

የገበያውን አሠራር ለማየት በሰሜን ካሮላይና ደርሃም ከተማ የሚገኘውን የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የ2024–25 ወቅት መመልከት ይጠቅማል። በአሠልጣኝ ጆን ሻየር የሚመራው ይህ ቡድን 35 ጊዜ አሸንፎ አራት ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ሜዳው ካሜሮን በ1940 የተሠራና 9,314 ተመልካች ብቻ የሚይዝ ነው፤ ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው።

በጥሎ ማለፉ ዱክ ማውንት ሴንት ሜሪስን 93 ለ49፣ ቤይለርን 89 ለ66፣ አሪዞናን 100 ለ93፣ አላባማን 85 ለ65 አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ አራት ደረሰ። ኤፕሪል 5 በሳን አንቶኒዮ ከሂውስተን ጋር ሲጫወት በሁለተኛው አጋማሽ በ14 ነጥብ ይመራ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ውጤቱ 70 ለ67 በሂውስተን አሸናፊነት ሆነ። ሁለት ቀን ቆይቶ ዋንጫውን ፍሎሪዳ ሂውስተንን 65 ለ63 አሸንፎ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለመጋዘን ጠባቂ የሚገባ ነው። ወቅቱ በተዘጋ በሦስት ወር ውስጥ የዱክ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች በጁን 2025 የኤን.ቢ.ኤ. ምልመላ ተወሰዱ። ኩፐር ፍላግ አንደኛ፣ ኮን ክኑፔል አራተኛ፣ ካማን ማሉዋች አሥረኛ ሆነው ተመረጡ። ሦስቱም በኮሌጅ የቆዩት አንድ ወቅት ብቻ ነው። መጋዘኑ ባዶ ሆነ፤ አሠልጣኙ ለሚቀጥለው ወቅት እንደገና ገበያ መውጣት ነበረባቸው።

ድንበርና ቪዛ

ከሦስቱ ካማን ማሉዋች ለዚህ አካባቢ ቅርብ ታሪክ ያለው ነው። በደቡብ ሱዳን ሩምቤክ ተወልዶ በኡጋንዳ አደገ፤ በሴኔጋል በሚገኘው የኤን.ቢ.ኤ. አካዳሚ ሠለጠነ። በ17 ዓመቱ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ለአገሩ ተሰልፏል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ነው። ደቡብ ሱዳን የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን የተቀላቀለችው በ2013 ሲሆን፣ የቀድሞው የዱክ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ በሚመራው ፌዴሬሽን ሥር በፓሪስ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 እስከ ማሸነፍ ደርሳለች።

ዱክ በሂውስተን በተሸነፈበት በዚያው ኤፕሪል 5 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ሁሉ ቪዛ መሠረዙን አስታወቁ። ምክንያቱ ሁለቱ መንግሥታት ከአሜሪካ የሚባረሩ ሰዎችን በመቀበል ጉዳይ ስላልተስማሙ ነው። የወጣቱ ችሎታ ከትላንት አልቀነሰም፤ ነገር ግን የወረቀቱ ዕጣ በአንድ ቀን አጠያያቂ ሆነ። ከኋላ በምልመላው ቢመረጥም ለሳምንታት ጥያቄው ተንጠልጥሎ ቆይቶ ነበር።

ቪዛው ባይሠረዝ እንኳ ሌላ እንቅፋት አለ። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ባለቤቱ በአገሪቱ ውስጥ ሠርቶ ገንዘብ እንዳያገኝ በብርቱ ስለሚገድብ፣ አሜሪካዊው ጓደኛው በማስታወቂያ የሚያገኘውን ገቢ የውጭ አገሩ ተጫዋች በቀላሉ አያገኝም። አንድ ሜዳ፣ አንድ መለያ፣ ሁለት ዋጋ።

ሳይደርስ የተሸጠ ሰብል

ከጋላባት ማዶ በሱዳን «ሸይል» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ገበሬው ገንዘብ በቸገረው ወራት ከነጋዴ ቅድሚያ ይወስድና ገና ያልደረሰውን ሰብል በርካሽ ይሸጣል። የተጫዋቾች ገበያ ከተከፈተ ወዲህ በአሜሪካም ተመሳሳይ ውል ብቅ ብሏል። በ2023 ለፍርድ ቤት በቀረበ አንድ ክስ እንደታየው፣ አንድ የፍሎሪዳ የፉትቦል ተጫዋች ገና ኮሌጅ ሳለ 436,485 ዶላር ተቀብሎ በምላሹ በሙያው ከሚያገኘው ገቢ 15 በመቶውን ለ25 ዓመት ለመስጠት ፈርሞ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በሙያው በድምሩ 10 ሚሊዮን ዶላር ቢያገኝ፣ አበዳሪው 1.5 ሚሊዮን ይወስዳል፤ ያበደረውን ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ተጫዋቹ ጉልበቱ ተጎድቶ ቢቀር ግን አበዳሪው ይከስራል። ውሉ አደጋን ይሸጣል፣ አደጋም ዋጋ አለው። ክርክሩ ያለው የአሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ልጅ ያንን ዋጋ ማስላት ይችላል ወይ በሚለው ላይ ነው።

ትንሹ ሻጭ

ነፃ ገበያ ሁሉንም አላስደሰተም። በ2022 ከኒው ጀርሲ የመጣው አነስተኛው ሴንት ፒተርስ ዩኒቨርሲቲ በምድቡ አሥራ አምስተኛ ተብሎ ገብቶ ኬንታኪን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ79 አሸነፈ። ከመጨረሻዎቹ ስምንት የደረሰ የመጀመሪያው አሥራ አምስተኛ ቡድንም ሆነ። ወቅቱ ሲያልቅ አሠልጣኙ ወደ ሴተን ሆል ሄዱ፤ ከዋነኞቹ ተጫዋቾችም ብዙዎቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዘዋወሩ። ትንሹ ሻጭ ዕቃውን አልምቶ ለትልቁ ገዢ አስረከበ፤ ለማልማቱ ግን የዝውውር ዋጋ አልተከፈለውም። በአውሮፓ እግር ኳስ ክለቡ በውል የያዘውን ተጫዋች ሲለቅ ዋጋ ይቀበላል፤ በኮሌጅ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አልተዘረጋም።

ሌላው ጉድለት የዋጋ መረጃ ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጡን በደረጃ ለይቶ የተሸጠበትን ዋጋ በይፋ ያሳውቃል፤ ገበሬውም ቢያንስ የት እንዳለ ያውቃል። በተጫዋቾች ገበያ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለም። ዋጋውን የሚያውቀው ወኪሉና ገዢው ነው፤ ወሬ እንጂ ቁጥር አይታተምም። ከሃውስ ስምምነት በኋላ ከ600 ዶላር በላይ የሆነ የውጭ የማስታወቂያ ውል ዴሎይት በሚሠራው አጣሪ በኩል እንዲያልፍ ተደንግጓል፤ ይህ ግን የውሉን ተገቢነት ለመመርመር እንጂ ዋጋ ለገበያ ለማሳወቅ የተዘረጋ አይደለም።

ለባለሀብትና ለደላላ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ገዢዎች ተስማምተው የያዙት ዋጋ ለጊዜው ትርፍ ይሰጣል፤ ሲፈርስ ግን ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል፤ ኮሌጆቹ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ጣሪያው ሲነሣ ደግሞ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚደርሰው ዋጋውን ወደሚያውቀው ሰው ነው። ስለሆነም ወቅት ሳይከፈት ለሚፈርም ሁሉ፣ ገበሬም ይሁን ተጫዋች፣ ከቅድሚያ ክፍያው መጠን ይልቅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የገበያው ዋጋ ስንት ነው? ውሉስ መቼ ያበቃል?» የሚለውን ነው።