የኤሌክትሪክ ሂሳብዎ ከወትሮው ሲጨምር፦ ቅሬታ ከማቅረብዎ በፊት ሊያደርጓቸው የሚገቡ ማጣሪያዎች

የወሩ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ከወትሮው በእጥፍ ጨምሮ ሲመጣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪ ሊበላሽ፣ ንባብም በስህተት ሊመዘገብ ይችላል። ይሁንና ምክንያቱ በቤት ውስጥ ከሆነ ቅሬታው መልስ ቢያገኝም ቀጣዩ ሂሳብ አይቀንስም። ይህ ማብራሪያ በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ተገልጋዮች የጭማሪውን መነሻ በራሳቸው እንዲለዩ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ንባቡን ያመሳክሩ

በሂሳብ መጠየቂያው ላይ የሰፈረውን የአሁን ንባብ ቆጣሪው ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። መጠየቂያው ላይ ያለው ቁጥር ቆጣሪው ዛሬ ከሚያሳየው ከበለጠ፣ ንባቡ ስህተት ለመሆኑ ግልጽ ማስረጃ ነው። ቆጣሪውን ቀን በሚያሳይ ፎቶግራፍ ያስቀሩ።

የመስከረም ወርን ሂሳብ ከነሐሴ ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። ለመስቀል በዓል ቤተ ዘመድ ሲሰባሰብ ምጣዱም የውሃ ማሞቂያውም ከወትሮው በላይ ይሠራሉ። ስለሆነም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽሩ።

ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች

ከፍተኛ ኃይል የሚወስዱት ሙቀት የሚያመነጩ ዕቃዎች ናቸው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለ2 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተጋገረ በወር ወደ 60 ይደርሳል። 50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅም 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ ይህ በየቀኑ ሲደረግ በወር 70 ያህል ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ደረጃ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው ነው። ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ መጠነኛ የፍጆታ ጭማሪ ሂሳቡን ከተጠበቀው በላይ ሊያንረው ይችላል።

የሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ያስጠግኑት። የማሞቂያው አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ወዲያውኑ ከብሬከሩ ያጥፉት። ይህ ለሕይወት አስጊ በመሆኑ ባለሙያ ሳያየው እንደገና አይጠቀሙበት።

የቆጣሪ ፍተሻ

1. ማናቸውንም ዕቃ ከሶኬት ይንቀሉ፤ መብራቶችንና የውሃ ማሞቂያውን ያጥፉ። ዋናውን ብሬከር ግን አይንኩት።
2. ቆጣሪውን ለ15 ደቂቃ ይመልከቱ። የዲጂታል ቆጣሪ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን፣ የነባር ቆጣሪ ሰሃን መዞሩን ከቀጠለ ኃይል እየፈሰሰ ነው።
3. ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ቆጠራው ከቆመ ችግሩ በቤት ውስጥ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። ካልቆመ ችግሩ ከቆጣሪው ወይም ከብሬከሩ በፊት ከተቀጠለ መስመር ሊሆን ስለሚችል ለተቋሙ ያመልክቱ። የቆጣሪውን ማኅተም በፍጹም አይክፈቱ።

የጋራ ቆጣሪ

በአንድ ግቢ የሚኖሩ በርካታ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታቸው ተደምሮ ወደ ከፍተኛው የታሪፍ ደረጃ ይገባል። በዚህም አምፖል ብቻ የሚያበራው ቤተሰብ ጭምር በውድ ዋጋ ይከፍላል። ዘላቂው መፍትሔ ለየብቻ ቆጣሪ እንዲገባ ማመልከት ነው። እስከዚያው ሂሳቡን በእኩል ከመከፋፈል ይልቅ ምጣድና ማሞቂያ ያላቸውን ለይቶ ማስላት ፍትሐዊ ይሆናል።

ቅሬታ ሲያቀርቡ

የቀደሙ ወራት የሂሳብ ደረሰኞችን፣ የቆጣሪ ቁጥርዎን፣ ያነሱትን ፎቶግራፍና የፍተሻውን ውጤት ይዘው በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ይቅረቡ፤ ወይም በ905 ነጻ የስልክ መስመር ያሳውቁ። ቅሬታዎ የተመዘገበበትን ቀንና ቁጥር መያዝዎን አይዘንጉ። በተሰጠው ምላሽ ያልረኩ ተገልጋዮች ዘርፉን ለሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።