ሕመሙን የማይናገር እንስሳ

ሰው ሲያመው ይጮኻል፤ ያለቅሳል፤ ሐኪም ጥሩልኝ ይላል። እንስሳ ግን ይህ ዕድል አልተሰጠውም። ከእንስሳትም መካከል አንዳንዶቹ ሕመማቸውን ጨርሰው ይሸሽጋሉ፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም ይላሉ። ከእነዚህም አንዷ ጥንቸል ናት። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ አባባል መናገር እየቻለ ዝም ለሚል ሰው የተሰጠ ምክር ነው። መናገር ለማይችል እንስሳ ግን ሕመሙን ፈልጎ የማግኘቱ ግዴታ የሚወድቀው በባለቤቱና በሐኪሙ ላይ ነው።

በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳር በምትገኘው በቁንዝላ ስለ ጥንቸል ሕክምና ቢነገር ሰሚው ፈገግ ሊል ይችላል። ጥንቸል በአገራችን በዱር የምትዘል እንጂ በየቤቱ የምትረባ እንስሳ አይደለችም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ርኩስ ከተባሉት እንስሳት አንዷ ስለ ሆነች ሕጉን የሚጠብቅ ክርስቲያን ሥጋዋን አይበላም። ሆኖም ሊቃውንት ከለማዳዋ ጥንቸል የተማሩት ነገር ለቁንዝላ በሬ የሚጠቅም ስለ ሆነ፤ ነገሩን ከእርሷ መጀመር ይሻላል።

የሰው ልጅ አንድን የአካል ክፍል ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሲያገኝ ጥንቸል ባለውለታው ነበረች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 በቪየና ይኖር የነበረው ወጣት ሐኪም ካርል ኮለር ከኮካ ቅጠል የሚወጣውን ኮኬይን በውኃ በጥብጦ በእንቁራሪት፥ በጥንቸልና በውሻ ዓይን ላይ አንጠባጥቦ ሞከረው። ዓይናቸው ሲነካ የማይሸሹ መሆናቸውን ካየ በኋላ በራሱ ዓይን ላይ ደገመው። ከዚያ ወዲህ ዓይን ያለ ሥቃይ ሊቀደድ ቻለ። ኮኬይን ሱስ የሚያስይዝና ጉዳት ያለው በመሆኑ ሌላ መድኃኒት ሲፈለግ ቆይቶ፤ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የምናውቀውን ሊዶኬይንን አገኘ።

ጥንቸል ራሷ ግን ከዚህ ጸጋ ብዙ ዘመን አልተካፈለችም። ይህም የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፤ እርሷን ማደንዘዝ አስቸጋሪ ነው። አፏ ጠባብ ስለ ሆነ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያዳግታል፤ ሰውነቷ ትንሽ ስለ ሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ብዙዎቹ ጥንቸሎች አትሮፒን የሚባለውን መድኃኒት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ ስላለ፤ ለሌላው እንስሳ የሚበቃው መጠን ለእነርሱ አይሠራም። በ2008 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት እንደሚያሳየው፤ ከማደንዘዣ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱት ውሾች ከ1,000 ሁለት ያህል ሲሆኑ፤ ጥንቸሎች ግን 14 ያህል ናቸው። ከእነዚህም የሚበዙት የሚሞቱት በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ጥንቸል ካመማት አትበላም፤ ካልበላች አንጀቷ ሥራውን ያቆማል፤ አንጀቷ ከቆመ ትሞታለች። ስለዚህ እንደ ሰው ከቀዶ ጥገና በፊት ጾማ እንድታድር አይደረግም፤ የማስመለስ ተፈጥሮም ስለሌላት ለዚያ መጾም አያስፈልጋትም። እንደ ነቃችም የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ቶሎ መብላት አለባት። እንግዲህ ማስታገሻው የርኅራኄ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ነፍስ አድን ሕክምና ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዝምታዋ ነው። ጥንቸል በአውሬ የምትታደን ፍጥረት ስለ ሆነች ድካሟን ያሳየች ዕለት ትበላለች። በጀርባዋ ቢያስተኟት ፀጥ ትላለች፤ ያየ ሁሉ የተኛች ይመስለዋል። ፀጥታው ግን ከፍርሃት የሚመጣ መሆኑ በጥናት ታውቋል። በ2012 ተመራማሪዎች ይህን ዝምታ የሚያነቡበት ዘዴ አወጡ። ለመለያ ምልክት ጆሯቸው ሲነቀስ የጥንቸሎቹን ፊት ተመልክተው፤ ዓይን ሲጠብ፥ ጉንጭ ሲሟሽሽ፥ የአፍንጫ፥ የጢምና የጆሮ አኳኋን ሲለወጥ ሕመም መኖሩን የሚያስረዳ መለኪያ ሠሩ። ጆሯቸው አስቀድሞ ማደንዘዣ ቅባት የተቀባው ጥንቸሎች ፊት ግን ያን ያህል አልተለወጠም።

አሁን ወደ ቁንዝላ እንመለስ። የቁንዝላ ገበሬ እንደ ሌላው የአቸፈር ገበሬ ዳጉሳውንና በቆሎውን የሚዘራው በበሬ አርሶ ነው። በአገራችን ገጠር ከጥንት በመጣው ልማድ ወይፈኑ ለቀንበር እንዲገራ ወይም እንዲሰባ ሲፈለግ፤ በገመድ ተጠልፎ ይጣልና የቆለጡ ጅማት በእንጨት ወይም በድንጋይ ይቀጠቀጣል። ከኢጣልያ የመጣው ቡርዲዞ የተባለው ጉጠት ሥራውን አሳጥሮታል፤ ቆዳ ስለማይቀድም ቁስል አያስከትልም። ነገር ግን ሕመሙን አላስቀረውም። በሬም እንደ ጥንቸል በአውሬ ሲታደን የኖረ ዘር ነው። ከመሬት ተነሥቶ ዝም ብሎ ስለ ቆመ ብቻ አላመመውም ማለት አይቻልም። ሣር መንካት ሲያቆም፥ ጀርባው ሲጎብጥ፥ ማመስኳቱ ሲቀንስ የሚናገረው እርሱ ነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ሩቅ አይደለም። በሬን እንደ ሰው ፈጽሞ ማስተኛት ሆዱን ሊነፋውና ምግቡን ወደ ሳንባው ሊመልሰው ስለሚችል፤ የተሻለው ስፍራውን ብቻ ማደንዘዝ ነው። ሊዶኬይን ተወግቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያገለግላል። መጠኑ በእንስሳው ክብደት ይለካል፤ በተለይ ለግልገል ሲበዛ መርዝ ይሆናል። ከማግሥቱ ጀምሮ ላለው ሕመም ደግሞ እንደ ሜሎክሲካም ያለ ማስታገሻ አለ። በዚህ ፈንታ ዲክሎፌናክን መስጠት አይገባም። ይህን መድኃኒት የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሣ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። በዚህ ሳቢያ ጥንብ አንሣዎች ስላለቁባቸው ሕንድ፥ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከልክለዋል።

«አባቶቻችን ያለ ማደንዘዣ ሲያደርጉት ኖረው የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አባቶቻችን የነበራቸውን መሣሪያ በሚገባ ተጠቅመውበታል። ሊዶኬይን ግን በእጃቸው አልነበረም። መድኃኒቱን የተማረውና ዋጋውን መክፈል የሚቻል መሆኑን የሚያውቀው የዛሬው ትውልድ ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።

በዛሬዋ ቢሾፍቱ፥ በደብረ ዘይት፥ በ1979 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያስተምራሉ። ከዚያ የሚወጣው ወጣት የሚመደበው ቁንዝላን በመሰለ ስፍራ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሲደርስ ገበሬው ቸኩሎ፥ ረዳቱ ደክሞ፥ ወረፋው ረዝሞ ያገኘዋል። መርፌውን ወግቶ ዐሥር ደቂቃ መጠበቅ የሚከብደው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በግብርና ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹም የመድኃኒት ጥያቄ ሲፈርም፤ ከክትባቱና ከትል መድኃኒቱ ጎን ማደንዘዣና ማስታገሻ መጻፋቸውን ይመልከት። ወይፈኑ ራሱ መጥቶ አልተሰጠኝም ብሎ የሚከስ አይደለምና፤ ዝርዝሩ ላይ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል።