ከሪሌሽናል ዳታቤዝ መረጃ የሚያወጣ ረዳት ኮድ፦ ምን ይሸፍን፣ ምን ይተው?

የጥናት መረጃ በሪሌሽናል ዳታቤዝ ሲቀመጥ መልሶ ለማውጣት የሚጻፈው ኮድ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ግንኙነት ይከፈታል፣ የኤስኪውኤል መጠይቅ ይላካል፣ ረድፎች ይነበባሉ፣ ግንኙነቱ ይዘጋል። ይህ ቅደም ተከተል በየፋይሉ ከሚደጋገም ይልቅ በአንድ ረዳት ፋንክሽን ቢጠቃለል ተገቢ ነው። ሆኖም የረዳት ኮድ ዋና ጥቅም የመስመር ብዛት መቀነሱ ሳይሆን፣ ጥንቃቄ የሚያሻው ውሳኔ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲወሰን ማድረጉ ነው። ውሳኔው የተሳሳተ ከሆነም ስሕተቱ ፋንክሽኑ በተጠራበት ሁሉ ይባዛል።

ለምሳሌ የከተማ ስም ተቀብሎ በዚያ የተመዘገቡ ቤተሰቦችን የሚያወጣ ፋንክሽን ይወሰድ። ፋንክሽኑ ስሙን በነጠላ ጥቅሶች መካከል አስገብቶ ከመጠይቁ ጽሑፍ ጋር የሚያያይዝ ቢሆን፣ ለአዳማና ለጅማ በትክክል ይሠራል። በአዲስ አበባና በጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ሚኤሶ ግን በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ስትጻፍ በስሟ መካከል «ሁዻ» የተባለው ምልክት ይገባል። ምልክቱ በኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በነጠላ ጥቅስ ነው፤ ኤስኪውኤል ደግሞ ነጠላ ጥቅስን የጽሑፍ እሴት መዝጊያ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ስሙ መካከል ላይ እንዳበቃ ይቆጥራል፤ ቀሪዎቹን ፊደላት የመጠይቁ ክፍል አድርጎ ለማንበብ ሲሞክርም መጠይቁ ይከሽፋል። ረዳት ፋንክሽኑ ስሕተቱን ሳያሳውቅ ባዶ ዝርዝር የሚመልስ ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ከተማዋ ማንም ሳያውቅ ከትንተናው ትወጣለች፣ የናሙናውም መዛባት የስሞችን አጻጻፍ ተከትሎ ይከሠታል።

ይኸው ክፍተት እ.ኤ.አ. በ1998 በይፋ ለተገለጸው የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ጥቃትም በር ይከፍታል። ስም ተብሎ የገባ ጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ ሊፈጸም ይችላልና።

መፍትሔው ምልክቱን ከስሙ መሰረዝ አይደለም፤ ይህ መረጃውን ራሱን ይለውጣል። ትክክለኛው መንገድ መጠይቁንና እሴቱን ለየብቻ ማቅረብ ነው። ረዳት ፋንክሽኑ ሁለት ግብዓቶችን ይቀበላል፤ አንደኛው የመጠይቁ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው የእሴቶቹ ዝርዝር ነው። በፓይተን ከኤስኪውላይት ጋር ሲሠራ በመጠይቁ ውስጥ እሴቱ በሚገባበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ይጻፋል። እሴቱም ምን ዓይነት ምልክት ቢይዝ እንደ ውሂብ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይነበብም። ይህ ስልት የሚያገለግለው ግን ለእሴቶች ብቻ ነው። የሠንጠረዥ ወይም የዓምድ ስም በዚህ መንገድ ሊተላለፍ ስለማይችል፣ አስቀድሞ በኮዱ ውስጥ ከተወሰነ ዝርዝር መመረጥ ይኖርበታል።

ግንኙነትን መዝጋትም የረዳት ፋንክሽኑ ኃላፊነት ነው። በፓይተን የኤስኪውላይት ግንኙነት በ«ዊዝ» ትእዛዝ ሲያዝ ለውጡ ይጸድቃል ወይም ይሻራል እንጂ ግንኙነቱ አይዘጋም፤ ስለሆነም መዝጊያው ለብቻው መጻፍ አለበት።

በአንጻሩ ረዳት ኮዱ መጠይቁን ጨርሶ መሰወር የለበትም። «አንድን ቤተሰብ በመለያ ቁጥሩ አምጣ» የሚል ፋንክሽን ምቹ ቢመስልም፣ ለ200 ቤተሰቦች በተደጋጋሚ ሲጠራ ዝርዝሩን ካመጣው መጠይቅ ጋር 201 መጠይቆች ይላካሉ። ሁለቱን ሠንጠረዦች የሚያጣምር አንድ መጠይቅ ግን ያንኑ ውጤት ያስገኝ ነበር። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የሪሌሽናል ሞዴል መረጃን የሚመለከተው በስብስብ እንጂ በተናጠል ረድፍ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ረዳት ፋንክሽን በጥናት ላይ ከመዋሉ በፊት በሦስት ነገሮች ቢፈተን ይበጃል፦ ነጠላ ጥቅስ ባለው ስም፣ በዳታቤዙ ውስጥ በሌለ ስም፣ ሆን ተብሎ በተበላሸ መጠይቅ። የመጀመሪያው ትክክለኛ ረድፎችን፣ ሁለተኛው ባዶ ዝርዝርን፣ ሦስተኛው ግልጽ የስሕተት መልእክትን መመለስ አለባቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ፣ ተመራማሪው «መረጃ የለም» እና «መረጃው አልተነበበም» የሚሉትን መለየት አይችልም።