የውቅያኖሱ መንገደኛ አልባትሮስ

በዚህ ወር የምናስተዋውቃችሁ ወፍ በአገራችን ሰማይ ላይ አይታይም። መኖሪያው በምድር ደቡባዊ ክፍል፣ አንታርክቲካን በከበበው ነፋሻ ውቅያኖስ ላይ ነው። ተጓዡ አልባትሮስ ይሉታል።

ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ተኩል ሊደርሱ ይችላሉ። ሁለት ጎልማሶች ተከታትለው ቢጋደሙ ይህንኑ ያህል ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉ ወፎች በክንፍ ርዝመት የሚስተካከለው የለም። ልጁ ከጎጆው ወጥቶ ሲበር ላባው ቡናማ፣ ፊቱ ነጭ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን ሰውነቱ እንደ ሽማግሌ ፀጉር እየነጣ ይሄዳል።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን አበራረሩ ነው። ክንፉን ሳያራግብ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ትከሻው ላይ ያለው ጅማት የተዘረጋውን ክንፍ ቆልፎ ስለሚይዝለት ጡንቻው አይደክምም። ነፋስ ከውሃው አጠገብ ዝግ ይላል፣ ከፍ ሲሉ ይበረታል። ወፉ ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ይዞርና ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ነፋሱ ራሱ ጉልበት ይሆነዋል። ነፋስ ከጠፋ ግን ያ ሁሉ ክንፍ ሸክም ነው፤ ውሃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሁለት ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ በሳተላይት የተከታተሏቸው ወፎች ምግብ ፍለጋ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ3,600 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር መሄዳቸውን አስታውቀዋል። ሱብሃነላህ!

እናቲቱ ልጇን ካሳደገች በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። እናትና አባት እየተፈራረቁ 11 ሳምንት ያህል ይታቀፉታል፤ ጫጩቱንም ዘጠኝ ወር ገደማ ይመግቡታል። አንደኛው ባሕር ላይ ከቀረ ጫጩቱ በረሃብ ያልቃል።

ባሕር ላይ የሚያስቀራቸው ደግሞ በአብዛኛው መንጠቆ ነው። አንዳንድ የዓሣ መርከቦች ብዙ ሺህ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ከኋላቸው ይለቃሉ። ወፉ ማጥመጃውን ሥጋ ሳይሰምጥ ሊነጥቅ ይወርዳል፤ መንጠቆው ይይዘውና ከገመዱ ጋር ይሰምጣል። መከላከያው እኮ ውድ አይደለም፦ ገመዱን በሌሊት መጣል፣ ቶሎ እንዲሰምጥ ክብደት ማሰር፣ ከመርከቡ ኋላ ወፍ የሚያስፈራሩ ጥብጣቦች ማንጠልጠል። ይህ በግዴታ በተደነገገበት በደቡብ ጆርጂያ ደሴት ዙሪያ በመንጠቆ የሚሞቱት አልባትሮሶች ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። ሆኖም በደሴቲቱ ላይ የሚራቡት ተጓዥ አልባትሮሶች ቁጥር ከዚያም ወዲህ ማሽቆልቆሉን አላቆመም፤ ለምግብ ርቀው ሲሄዱ ደንቡ የማይሠራበት ባሕር ላይ ይያዛሉና።