47 በርሜል ዶሮ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 2 ቀን 1906 የቺካጎ ከተማ የጤና ተቆጣጣሪዎች ኖርዝ አሜሪካን ኮልድ ስቶሬጅ ወደተባለ የቀዝቃዛ መጋዘን ድርጅት ሄዱ። ድርጅቱ ከጅምላ ነጋዴ የተቀበለው 47 በርሜል የዶሮ ሥጋ ነበረው። ሥጋው ተበላሽቷልና ይወገዳል፣ አስረክቡ አሉት።

ድርጅቱ እምቢ አለ። ከተማው ደግሞ ዶሮው እስኪሰጠው ድረስ ወደ መጋዘኑ ምንም ዕቃ እንዳይገባ፣ ከመጋዘኑም እንዳይወጣ ከለከለ። ሥራው ቀጥ ሲል ድርጅቱ ፍርድ ቤት ሄደ።

ያ ዓመት የአሜሪካ ሕዝብ ስለሚበላው ሥጋ በእጅጉ የተጨነቀበት ነበር። አፕተን ሲንክሌር የቺካጎን ቄራዎች ጉድ ያወጣበት ልብ ወለድ በዚያው ዓመት ታትሟል፤ ሰኔ ላይ የፌዴራል የሥጋ ቁጥጥር ሕግ ወጥቷል። ሕጉ ግን ስለ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና አሳማ እንጂ ስለ ዶሮ አይናገርም። ዶሮ የራሱን የፌዴራል ሕግ ያገኘው በ1957 ነው። በርሜሎቹም የተጠየቁት በከተማው ደንብ ነበር።

የድርጅቱ አቤቱታ ቀላል አልነበረም። ባለቤቱ ሳይሰማ ንብረቱ እንዴት ይወድማል? ሥጋው ብርድ ውስጥ ስላለ ክርክሩ እስኪያልቅ ቢቆይስ?

ብርድ ግን ብልሽትን ያዘገያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። ዶሮ የሚበልት ሰው ያውቀዋል፤ ቆዳው ጣት ላይ ሲዝለገለግ፣ ሽታው ሲለወጥ ነገሩ አልቋል። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብም ሽታውን ቢቀንስ እንጂ ሥጋውን አይመልሰውም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1908 ለከተማው ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሩፈስ ፔካም ናቸው። እኚሁ ዳኛ ከሦስት ዓመት በፊት የዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት የሚገድበውን የኒውዮርክ ሕግ የሻረውን ውሳኔ ጽፈዋል፤ በነጋዴ መብት ላይ የመንግሥትን እጅ የሚያበረቱ ሰው አልነበሩም። ለተበላሸ ምግብ ግን መንግሥት ቀድሞ ያስወግድ፣ ክርክሩ በኋላ ይሁን አሉ።

ፍርዱ ለነጋዴውም በር አልዘጋም። የተቆጣጣሪው ቃል የመጨረሻ አይደለም፤ ባለንብረቱ ምግቡ ደህና እንደነበር ካስረዳ ካሳ ይገባዋል። የእነዚያ 47 በርሜሎች ዶሮ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር ወይ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አልመረመረም፤ ለካሳ ክስ ተወው።