ቆርቆሮው ነው እንጂ አየሩ አይደለም

በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ፣ ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከሰሚት እስከ ቡልቡላ ወዳሉት ግቢዎች ጎራ ብትሉ አንድ ዓይነት ነገር ታያላችሁ። ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎች በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ተከራዩ በርጩማውን ይዞ ወጥቶ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል። ምነው ቢሉት መልሱ አጭር ነው፦ “አየሩ ጋለ እኮ!” ሰውየው ግን ያንኑ ጋለ ያለውን አየር እየማገ፣ ደረቱን ከፍቶ፣ ተመችቶት ነው የሚያወራው።

ይህችን ተቃርኖ አጥብቆ የያዘ ሰው ስለ ክፍል ሙቀት ማወቅ ያለበትን ግማሹን አውቋል። የቀረው ግማሽ በልማድ የምንደጋግማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ መፈተሽ ነው፤ አንዳንዶቹ ፈጽሞ ስህተት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለድሬዳዋ እውነት ሆነው ለቦሌ የማይሠሩ ናቸው።

“ዘንድሮስ አየሩ ነው የጋለው”

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ፣ በዓመቱ ሞቃት ወራት እንኳ፣ በጥላ ውስጥ የሚለካው የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። 30 መድረሱ ብርቅ ነው። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላደገ ሰው ይህ የማታ ነፋሻ ነው። ዓለም እየሞቀች መምጣቷ፣ አስፋልቱና ሲሚንቶው መብዛቱ ከተማዋን ማሞቁ እውነት ነው፤ እሱን የሚክድ ይህ ጽሑፍ አይደለም። ነገር ግን ውጭ 25 ሆኖ ክፍሉ ውስጥ 32 ከሆነ፣ ሰባቱን ዲግሪ ያመጣው የዓለም ሙቀት ሳይሆን ከራስ በላይ ያለው ቆርቆሮ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች፦ አንዴ ሚያዝያ 5 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 23 ገደማ። ነሐሴን ደመናው ይጋርደናል። ሚያዝያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጋርድ የለም፤ ከፍታችን ደግሞ ከበላያችን ያለውን አየር ስላሳሳው ጨረሩ ይበረታል። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ግድግዳውን ገረፍ አድርጋ ታልፋለች፤ ሙሉ ኃይሏ የሚያርፈው ጣሪያ ላይ ነው። ጥርት ባለ ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው ጉልበት 1,000 ዋት ያህል ነው። ሦስት በአራት የሆነች ክፍል ጣሪያዋ ላይ 12 ኪሎዋት ታስተናግዳለች ማለት ነው። ሦስት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ተለኩሶ ቢውል ከዚህ ብዙም አይበልጥ።

ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ይህን ጉልበት የሚያቆይበት ቦታ የለውም። በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ያረጀና የዛገ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከዚያ ሙቀቱን በጨረር ወደ ኮርኒሱ ይለቀዋል፣ ኮርኒሱም ወደ ሰውየው አናት። ነፋስ በሌለበት ክፍል ሰውነታችን የሚሰማው የአየሩ ሙቀትና የዙሪያው ገጽታዎች ሙቀት አማካይ ዓይነት ነገር ነው። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ 27 እያለ ጭንቅላት የሚፈላው፤ በዚያው ሰዓት ዛፍ ሥር 25 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋቢ የሚያምረው።

ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በገርጂ በሙከራ ከተጀመሩት ሕንፃዎች ወዲህ የተሠሩት ባለአራት ፎቅ ብሎኮች ጣሪያቸው ባብዛኛው ቆርቆሮ ነው። የመጨረሻው ፎቅ የደረሰው ሰው የሚያማርረው ደረጃውን ብቻ አይደለም።

“አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አይሞቅም”

ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል። የሚያብለጨልጭ ብረት ብርሃኑን መመለሱ አያጠራጥርም። ችግሩ የቀረው ነው፤ እርቃን ብረት የተቀበለውን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ ለመልቀቅ ስስታም ነው። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል፤ ብርሃኑን ይመልሳል፣ የተረፈውን ሙቀትም በቀላሉ ይለቃል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ካሉ ጣሪያዎች ነጭ የተቀባው ከሚያብረቀርቀው አዲስ ቆርቆሮ ይቀዘቅዛል፤ ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ ከፋብሪካ የሚወጣው ኢጋ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ቀለም ሲመረጥ ለዓይን እንጂ ለጭንቅላት የሚያስብ አልገጠመኝም።

የብረቱ ስስት የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ከሥር። የሚያብረቀርቅ ፎይል ከቆርቆሮው በታች የአየር ክፍተት ተትቶለት ቢወጠር፣ ሙቀቱን ወደ ታች መልቀቁን ይሰስታል። ክፍተቱ ካልቀረ ግን ሥራውን አይሠራም፤ ከቆርቆሮው ጋር የተጣበቀ ፎይል ብረት ላይ የተለጠፈ ብረት ነው። ጣሪያው ጥግ ላይ፣ ከግድግዳው አናት፣ የታፈነው አየር የሚወጣበት ቀዳዳም ያስፈልጋል። ሙቀት እንዳይገባ ብሎ ያንን ቀዳዳ በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው ሙቀቱን ከኮርኒሱ ላይ አስሮ ያሳድረዋል። አንዳንዶች ኮርኒሱ ላይ የፍራሽ ፎም ይደረድራሉ። ሙቀት ይከላከላል፤ ከተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ሲሆን ግን እሳት ነው።

በሞቃት ባሕር ላይ በትናንሽ የሸራ ጀልባዎች የሚኖሩ ሰዎች ይህን ችግር አሳምረው ያውቁታል። የጀልባዋ ካቢን ከሰርቪስ ክፍል ታንሳለች፤ ጣሪያዋ ስስ፣ መስኮቷ የእጅ መዳፍ ታህል። መጀመሪያ የሚያደርጉት ማቀዝቀዣ መግዛት አይደለም፤ ከካቢኗ በላይ ተንዳ ይወጥራሉ። ተንዳው ፀሐዩን ይቀበላል፣ በመካከል የሚያልፈው ነፋስ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ቀጥለው በጣሪያዋ መውጫ ላይ በከረጢት ቅርጽ የተሰፋ ሸራ ይሰቅሉና ነፋሱን አንገቱን ይዘው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ነፋስ። ለጎሮም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

“ሁለት መስኮት ሲከፈት ንፋስ ይመታል”

አሁን ወደ ዋናው ጠላት ደረስን። ከመገናኛ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አሥራ ስንት ሰው ተፋፍጎ፣ ላብ እየተንጠፈጠፈ፣ ከኋላ አንዲት እናት “ልጄ፣ መስኮቷን ዝጊያት፤ ንፋስ ይመታኛል” ሲሉ ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። ልጅቷም “እሺ እማማ” ብላ ትዘጋለች። ማን ይከራከራል?

ጉንፋን የሚይዘን ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚመጣው ከመስኮቱ ውጭ ሳይሆን ከጎናችን ከተቀመጠው ሰው ነው። 25 ዲግሪ የሆነ ነፋስ የሳንባ ምች አያመጣም። ላብ ያለበትን አንገት ነፋስ ሲያቀዘቅዘው ጡንቻው ሊጨማደድ፣ አቧራው ሊያስነጥስ ይችላል፤ እነዚህ ግን በሽታ አይባሉም። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ነቀርሳ የሚተላለፈው በታፈነ አየር ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላም ሐኪሞች ሲወተውቱ የነበረው መስኮት እንድንከፍት ነው። ወረርሽኙ ሲያልፍ መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ።

ለፍትሕ ያህል፣ የእናቶቻችን ሕክምና ሁልጊዜ አይሳሳትም። ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረውን ሰው “ምች መታው” ይሉታል። ቁስሉን የሚያመጣው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ቢሆንም፣ ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። ፀሐይዋን ጠርጥረው አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ነፋሱን ሲከሱ ነው።

ለክፍል የሚያስፈልገው መክፈቻ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሰርቪስ ክፍሎች በርና መስኮታቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወለል ብለው ተከፍተው አየሩ ንቅንቅ አይልም፤ የሚወጣበት ቢኖረው ነው የሚገባው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ የብሎኬት ያህል ቀዳዳ ቢከፈት ሞቃቱ አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በበሩ ታች ይገባል። ሰዎች ይህን የማያደርጉት ሁልጊዜ ንፋስ ፈርተው ነው ማለትም አልችልም። የቦሌ ተከራይ እውነተኛ ፍርሃት ሌባ ነው። ከፍ ብሎ የተከፈተና የብረት ፍርግርግ ያለው ቀዳዳ ግን ሌሊቱንም ተከፍቶ ማደር ይችላል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ማንም የማይሸጠው ማቀዝቀዣ ነው፤ ግድግዳውን እስከ ረፋድ ድረስ ያቀዘቅዘዋል።

“ቀን ቀን መስኮት ዝጋ፣ ማታ ክፈት” የሚለው ምክርስ? ድሬዳዋና ሰመራ ልክ ነው፤ እዚያ ውጭው 38 ሲሆን ውስጡ 33 ስለሚሆን መክፈት ሙቀት መጋበዝ ነው። በቦሌ ቀትር ላይ ውጭው ከውስጡ ይቀዘቅዛል። መመሪያው አንድ ነው፦ ጥላ ባለበት ውጭ ስትቆሙ ከውስጡ ከቀዘቀዘ ክፈቱ።

“ወፍራም መጋረጃ ይበቃል”

ይህ ለአፓርታማ ነዋሪዎች ነው። ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ከቀዝቃዛ አገር የተቀዳ ፋሽን ነው፤ እኛ ፀሐዩ የተረፈን ሰዎች ምን እንዳስቀናን አላውቅም። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ያልፋል፣ መጋረጃው ላይ ያርፋል፣ መጋረጃው ይግላል፣ ከጋለ ጨርቅ የሚወጣው ሙቀት ግን መስታወቱን አልፎ አይወጣም። በተለይ ጥቁር መጋረጃ ክፍሉን ያጨልማል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ጨረሩ መቆም ያለበት መስታወቱን ሳይነካ ከውጭ ነው፦ በቀርከሃ መጋረጃ፣ በሰሌን፣ በረንዳ ላይ በተወጠረ ሸራ። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለ መስኮት አጭር ክፈፍ ይበቃዋል። አስቸጋሪው የምዕራቡ ነው፤ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፈፉን ከሥር አልፋ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። አፓርታማ የሚከራይ ሰው ጠዋት ሄዶ አይቶ ባይፈርም ጥሩ ነው።

ቬንትሌተር፣ በረዶ፣ ጀሪካን

ቬንትሌተር አየር አያቀዘቅዝም። የሚበላው 50 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ራሱ መጨረሻው ሙቀት ነው። የሚያቀዘቅዘው ላብ ያለበትን ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ማዞር ቆጣሪ ማዞር ነው። የፍሪጅ በር ከፍቶ መቀመጥማ ቤቱን ያሞቃል፤ ፍሪጅ ከፊቱ የወሰደውን ሙቀት የኮምፕሬሰሩን ጨምሮ ከጀርባው ይተፋዋል።

በሁለት ሊትር ሃይላንድ በረዶ ሠርቶ ቬንትሌተር ፊት ማቆም ያዋጣል የሚሉም አሉ። ስሌቱ ያሳዝናል፦ ያ በረዶ ቀልጦ ውሃው የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ የሚወስደው ሙቀት፣ በቀትር 12 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ የሚወርደውን ያህል ነው። ፊት ላይ ደስ ይላል፤ ለክፍሉ አይሆንም።

ውሃ ግን ሲተን ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ በበጋው ደረቅ አየር እርጥብ አቡጀዲ በክፍት መስኮት ላይ መስቀል በእርግጥ ይሠራል። ነፋስ በማያልፍበት ዝግ ክፍል ከሆነ ወበቅ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ላይ ውሃ ማርከፍከፍም ይሠራል፤ ዋጋው ነው ችግሩ። የቀትሩን ፀሐይ በትነት ለመመከት በካሬ ሜትር በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለ12 ካሬ ሜትር በሰዓት አንድ ጀሪካን ሊሆን ምንም አይቀረው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚያደርግ ሰው ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት መገመት አያቅትም።

አንድ ጋሎን ነጭ የጣሪያ ቀለም በአንጻሩ የአንድ ሰርቪስ ክፍልን ቆርቆሮ ለሁለት ዙር ይበቃል ማለት ይቻላል። ዝገቱ አስቀድሞ ይፋቅ። ኖራ ይርከስ እንጂ ክረምት አጥቦ ይወስደዋል። ቀለሙ የሚቀባው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በጥቅምት ቢሆን ይመረጣል፤ የካቲት ላይ አቧራው ስለሚያጠቁረው አንዴ በመጥረጊያና በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ጣሪያው የአከራዩ ነው የሚል ካለ፣ ቀለም ቆርቆሮውን ከዝገት እንደሚጠብቅ ነግሮ ወጪውን ለሁለት መካፈል ይቻላል። ከሙቀት ይልቅ ስለ ዝገት የተነገረው አከራይ ቶሎ ይስማማል።